ቡናው ተሳፍሮ፣ ሰውየው በእግሩ

ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ «መንገድ» ሲል የእግር መንገድ ማለቱ ነው። ሌላውን መጥራት ከፈለገ «የመኪና መንገድ» ብሎ ይለየዋል። ከተሜው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ለእሱ መንገድ ማለት መኪና የሚሄድበት ሲሆን፣ መለያ ቃል የሚያስፈልገው እግረኛው ነው፤ «የእግረኛ መንገድ»። (በነገራችን ላይ «መንገደኛ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ተገልብጧል። ትናንት ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ የሚጓዘው ሰው ነበር፤ ዛሬ መናኸሪያ ቲኬት የቆረጠው ሆኗል።) ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀልድ ነግረን ባለፍነው ነበር። ግን ከጀርባው የመቶ ዓመት ታሪክ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጅማ ወዲያ፣ ጎጀብን ተሻግሮ በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ድረስ ያለው የቡና አገር መንገድ ሲወጣለት የኖረው ለጭነቱ ነው። ለዝሆን ጥርስ ወጣለት፣ ለባሪያ ወጣለት፣ ለቡና ወጣለት። ጭነቱን ለተሸከመው ሰው ግን ማንም አስቦለት አያውቅም። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ኬላው የሚቆጥረው

የከፋ መንግሥት መንገድን በጥርጣሬ የሚያይ መንግሥት ነበር። ጎጀብ ከጅማ ይለየዋል፤ ከወንዙ በተጨማሪ በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር የታጠረ፣ ዘበኛ የቆመበት በር ያለው አገር ነው። ነጋዴ እንደ ልቡ አይዘዋወርበትም፤ ቦንጋ ድረስ ይመጣል፣ እዚያ ይገበያያል፣ ይመለሳል። ማዶ ያለችው የአባ ጅፋር ጅማ ግን ኑሮዋ በሲራራ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ሰው የሚጎርፍበት ነበር፤ በየበሩ ያለው ኬላም ቀረጥ ይሰበስባል። ልብ በሉ፤ ኬላው የሚቆጥረው በቅሎውንና ጭነቱን ነው። በቅሎ ነጂው ቁጥር ውስጥ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማርከው አገሩን ለምኒልክ ካስገበሩ በኋላ የድንበሩ በር ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ሠራዊታቸው በጊሚራ በኩል ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲወርድ አብሮ የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1900 አሳትሟል። ያ የዘመቻ መስመር በሄደበት ቦታ ሁሉ መንገድ ነው የሚባል ነገር አብሮ ሄደ። ነገር ግን ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ዲዚው፣ ሜኢኒቱ ያንን መንገድ እንደ ልማት አላየውም። የቻለ ከመንገዱ ሸሽቶ ወደ ደኑ ገባ፤ ምክንያቱም መንገዱ ሰው ይዞ የሚሄድ መንገድ ነበር። ከጊሚራና ከማጂ በባርነት እየተነዱ ወደ ሰሜን የሄዱት ሰዎች ያን ሁሉ ተራራ የወጡት በእግራቸው ነው። እንግሊዞች ማጂ ላይ ቆንስላ እስከ መክፈት የደረሱትም በባሪያና በዝሆን ጥርስ ንግዱ የተነሳ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድ ዋነኛ መከራከሪያ ነበር፤ ሕጋዊ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

በባርነት ያልተነዳው ደግሞ ጭነት ይሸከማል። የደቡብ ምዕራብ ቆላ ለከብት ምቹ አይደለም። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሚባለው በሽታ በቅሎና ፈረስን ይፈጃል። በቅሎ በማይዘልቅበት ቦታ የሰው ጀርባ ይተካል ማለት ነው። ጭሰኛው ለመልከኛው ማር ይሸከማል፣ እህል ይሸከማል፣ ድንኳን ይሸከማል። መንገዱን የሚመነጥረውም እሱ ነው፤ ክረምት ሲዘጋው የሚጠርገውም እሱ ነው። «ጥርጊያ ጎዳና» የሚለውን ስም ስንሰማ ጠራጊው ማን እንደነበር ጠይቀን እናውቃለን?

ወደ ምዕራብ በኩል ደግሞ ሌላ መውጫ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የእንፋሎት ጀልባ ይመጣል። የጎሬ ቡና በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ በዚያ ጀልባ ይጫናል። የሚገርመው፣ ጀልባው የሚመጣው መንገዱ ከሁሉም በሚከፋበት ወቅት ነው። ጭቃው ጉልበት ሲደርስ፣ ወንዙ ሁሉ ሲሞላ፣ ያኔ ነው የጋምቤላ ወደብ ሥራ የሚበዛበት። የመርከቡን የጊዜ ሰሌዳ ያወጣው ሰው የሸካሚውን እግር አስቦ እንዳላወጣው መገመት አይከብድም።

መኪና ሳያይ አውሮፕላን ያየ አገር

ከሁሉም እኔን የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። አብዛኛው ዓለም በእግር ተጀምሮ፣ በጋሪ፣ በብስክሌት፣ በባቡር፣ በመኪና አልፎ ነው አውሮፕላን ላይ የሚደርሰው። ሚዛንና ቴፒ ግን መሐሉን ሁሉ ዘለሉት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የያዛቸው አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች፣ ማለትም ዲሲ 3 የምንላቸው ነበሩ። እነዚህ አውሮፕላኖች አስፋልት አይጠይቁም። ሣሩ የታጨደ ሜዳ ካገኙ ያርፋሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የዳኮታ ማረፊያ ነበሩ። ሰውና ጭነት አብሮ ይሳፈራል። ጆንያውና ተሳፋሪው ጎን ለጎን ናቸው። ያ አገር መኪና ሳያይ አውሮፕላን ያየ ትውልድ አፍርቷል። ዛሬም ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት የሚስቁበት ነገር ነው።

እንግዲህ ሥዕሉን እዩት። ገበሬው ጀንፈሉን በጀርባው አዝሎ፣ ወይም ዕድለኛ ከሆነ በበቅሎ ጭኖ፣ ደኑን እያቋረጠ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይጓዛል። በየወንዙ ላይ የወደቀ ግንድ ድልድይ ይሆነዋል። ማረፊያው ሜዳ ይደርስና ቡናውን ለነጋዴው ያስረክባል። ቡናው ይመዘናል፣ ይሳፈራል፣ ከደመና በላይ ይወጣል። ሰውየው ጨውና አቡጀዲውን ይዞ በመጣበት የጭቃ መንገድ ይመለሳል። ይህን ያህል የተራራቀ ኑሮ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቀን ሲገናኝ ሌላ የት አለ? ቡናው በሰዓታት አዲስ አበባ ሲደርስ ባለቤቱ ገና ቤቱ አልገባም።

ከዚያ መኪናው መጣ

ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው መንገድ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጀመረ፣ በወረራው ዘመን የተጠናከረ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መንገዶቹ መፈራረስ ሲጀምሩ መንግሥት ወደ ዓለም ባንክ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1950 ባንኩ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አሜሪካኖችም እየመሩ አደራጁት። ለብድሩ የሚቀርበው ሒሳብ ግልጽ ነው፤ መንገዱ ስንት ቶን ያወጣል? ቶኑ ደግሞ ያለው ቡና አገር ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን እየተገፋ የሄደው የመኪና መንገድ የዚህ ሒሳብ ልጅ ነው።

ክፋት የለበትም። ጆንያው ከሰው ጀርባ ወርዶ አይሱዙ ላይ ወጣ፤ ይህን የሚጠላ ካለ ጆንያ ተሸክሞ የማያውቅ ብቻ ነው። በደርግ ዘመን በበቃና ቴፒ የመንግሥት የቡና እርሻ ሲሆኑም መንገዱ አብሮ ተከተላቸው። ጥያቄው ሌላ ነው። ቡናው መኪና ላይ ሲወጣ ሰውየው የት ሄደ?

የትም አልሄደም። መንገዱ ላይ ነው ያለው። ቡና ለቃሚው ከመስከረም እስከ ኅዳር እሸት ቡናውን በኬሻ ተሸክሞ ወደ መረከቢያው ሲሮጥ ታገኙታላችሁ። ይሮጣል የምለው ለማሳመር አይደለም፤ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፣ ዋጋው ይወድቃል። ሙዝና ጎደሬ አዝላ ገበያ የምትወርደው እናት እዚያው መንገድ ላይ ናት። ደብተሩን በፌስታል የጠቀለለው ተማሪም እዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ መንገዱ የእነሱ ነበር፤ አሁን መንገዱ ላይ እንግዳ ሆነዋል።

ጠጠር መንገድ በነበረበት ጊዜ ይህ ያን ያህል አይሰማም ነበር። ኮረኮንቹ ራሱ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ሾፌሩ ቢፈልግም አይበርም። በ2000ዎቹ ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ሲሆን ግን ያ ትራፊክ ፖሊስ ጡረታ ወጣ። መኪናው ፈጠነ፣ እግረኛው ግን የትናንቱ እግረኛ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ ይመነምናል። በመላ አገሪቱ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ውስጥ እግረኛው ትልቁን ድርሻ የያዘው በአጋጣሚ አይደለም።

አስፋልቱ ስንት ሰው እንደሚጎዳ ማንሳት ልማትን መቃወም የሚመስለው አለ። አይደለም። ያው አስፋልት ምጥ የያዛትን ሴት አማን ሆስፒታል ያደርሳታል። የኔ ጥያቄ ከአስፋልቱ ጠርዝ ስላለችው ሦስት ሜትር ነው።

ቦዩና ትከሻው

ሦስቷን ሜትር እንያት። የመንገድ መሐንዲሶች ከአስፋልቱ ዳር ያለችውን ቁራጭ «የመንገድ ትከሻ» ይሏታል። ትከሻዋ የተሠራችው ለተበላሸ መኪና መቆሚያና ለአስፋልቱ ጠርዝ መጠበቂያ ነው። እግረኛው የሚሄድባት ሌላ ስለሌለው ነው። ከትከሻዋ ቀጥሎ ቦይ አለ። ሚዛን አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነውና ቦዩ ጥልቅ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መንገዱ ራሱ ይሄዳል። ጥልቁ ቦይ ግን አፉ ክፍት ነው። ስለዚህ እግረኛው በአንድ በኩል የጭነት መኪና፣ በሌላ በኩል ገደል መሳይ ቦይ ይዞ በመሐል ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ሸክም ይዘው ሲተላለፉ አንዱ ወደ አስፋልቱ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

መፍትሔው ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ቦዩን በሲሚንቶ ንጣፍ መክደን ነው። ውሃው በሥር ይሄዳል፣ ሰው በላይ ይሄዳል። ብዙ ከተሞቻችን ውስጥ የእግረኛ መንገድ የምንለው በእርግጥ የቦይ ክዳን ነው፤ ችግር የሚሆነው ክዳኑ ሲሰበርና ሳይተካ ሲቀር ነው። የመንገዶች ባለሥልጣን የንድፍ መመሪያም ቢሆን መንገድ በከተማ ውስጥ ሲያልፍ የእግረኛ መሄጃ እንዲጨመርለት ያደርጋል። እና ምን ጎደለ? «ከተማ» የሚለው ቃል። ንድፉ ሲሠራ የከተማው ወሰን አንድ ቦታ ላይ ነው። መንገዱ ሲያልቅ ከተማው መንገዱን ተከትሎ ብዙ ርቀት ሄዷል። በኢትዮጵያ መንገድ ከተማን ይስባል፤ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጋራዡ ሁሉ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ይሰለፋል። ሚዛንና አማን ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ መሐላቸው እየሞላ ሄዶ ዛሬ ሚዛን አማን የሚባል አንድ ከተማ ናቸው። በመሐል የሚመላለሰው ሰው ግን ብዙው አሁንም በእግሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በሺህ የሚቆጠር እግረኛ ወጣት ጨምሯል።

ሳይታሰብ ለእግረኛ የደላው ነገር ኮብልስቶን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በድሬዳዋና በአዳማ በጀርመኖች ድጋፍ ሲጀመር ዓላማው የወጣት ሥራ አጥነትን መቀነስና የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን በርካሽ ማንጠፍ ነበር። ውጤቱ ግን እግረኛ ከጭቃ የዳነበት፣ መኪና ቀስ ብሎ የሚሄድበት መንገድ ሆነ። ጫማ ሳያወልቁ ክረምትን መሻገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ብስክሌቱስ?

ብስክሌት ሲነሳ ሁላችንም ባሕር ዳርንና ሐዋሳን እንጠራለን። ባሕር ዳር ብስክሌተኛ የሆነችው ሕዝቧ ከሌላው ተለይቶ ብስክሌት ወዳድ ስለተፈጠረ አይደለም። ሜዳ ናት፤ በዚያ ላይ በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተርና ባልደረቦቹ ያወጡት ፕላን ሰፋፊ፣ ዛፍ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ሰጣት። ቦታ ስለነበረ ብስክሌቱ ገባ። ባጃጅ መጥቶ ቦታውን ሲጋፋ ደግሞ ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፋ።

ሚዛን ለብስክሌት ጨካኝ ናት፤ አቀበትና ቁልቁለት ናት። ቴፒ ግን ዝቅ ያለች፣ ሞቃትና ከሚዛን ይልቅ ለጥ ያለች ናት። ብስክሌት በቴፒ ጎዳና የማይመችበት ምክንያት ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ መንገዱ ላይ ቦታ ያለመኖሩ ነው። በዚህ አገር ከእግር ወደ ሞተር ሳይክል በቀጥታ እየተዘለለ ነው። ከእግር ወደ ዳኮታ እንደተዘለለው ማለት ነው፤ መሐሉን መዝለል ልማድ ሆኖብናል መሰል። ሞተሩን መግዛት ያልቻለው (ብዙው ያልቻለ ነው) እዚያው እግሩ ላይ ይቀራል።

ለእግረኛ ብሎ መሥራት በዚህ አገር ያልነበረ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቡናው አገር ርቀን ወደ ዓባይ እንሂድ። ጎጃምና ጎንደርን የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ከተሰበረ ጀምሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገርበት። የዚያን ገመድ ፎቶ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ2002 መጥቶ አስጠገነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በምትኩ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሄልቬታስ የተባለው የስዊስ ድርጅትም በብዙ የገጠር ወንዞች ላይ እንዲህ ያሉ የእግረኛ ድልድዮች ሠርቷል። መኪና አያልፍባቸውም። ሰው፣ በግና አህያ ያልፉባቸዋል፤ ክረምት ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱባቸዋል። ወንዝ እንደ አሸን በፈላበት በቤንች፣ በሸካና በከፋ የአንድ መኪና ድልድይ ዋጋ ስንት እንዲህ ዓይነት ድልድይ ይሠራ እንደነበር ማስላት የሚገባው ነው።

ማን ይቆጠር

ወረቀት ላይ ነገሩ ተለውጧል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቁ፤ አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም፣ ሌሎች ከተሞችም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበት፣ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በአዲስ አበባ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል፤ ቤቱ የፈረሰበትና ከሰፈሩ የተነሳው ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ግን አብሮ አለ። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ሄዷል፤ ጅማ አንዷ ናት።

ለቡናው አገር ከተሞች የምፈራው አንድ ነገር ነው። ኮሪደር ሲባል የመሐል ከተማ ጌጥ ይሆናል፤ መብራት፣ አበባ፣ ወንበር። የሚዛን እግረኛ ግን የሚበዛው ዳር ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያው በሚገባበት፣ ከሚዛን ወደ አማን በሚወረድበት፣ ከእርሻ ወደ ቡና መረከቢያ በሚኬድበት መስመር ላይ ነው። አደባባዩ ላይ አሥር ሜትር የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ እዚያ ምንም ካልተሠራ፣ ሰው ቡናውን አዝሎ የሚደርስበት ቦታ አማረ እንጂ የሚመጣበት መንገድ አልተነካም።

አስፋልት ደግሞ ዕድሜ አለው። ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ታስቦ ነው የሚነጠፈው፤ በ2000ዎቹ የተነጠፈው የጅማ ሚዛን መንገድ እንደገና የሚሠራበት ዘመን እየመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልልም ስለ መንገድ የሚጠይቅበት የራሱ ምክር ቤት አለው። ቀያሾቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሚሠሩት የትራፊክ ቆጠራ ነው። መንገድ ዳር ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥ ቆጣሪ ቅጽ ይዞ ይመዘግባል፤ የቤት መኪና ስንት፣ አውቶቡስ ስንት፣ ቀላል ጭነት ስንት፣ ተሳቢ ስንት። የመንገዱ ስፋት የሚወሰነው በዚያ ቅጽ ነው። የጅማ ኬላ ጠባቂም ከመቶ ዓመት በፊት እንዲሁ በቅሎ ይቆጥር ነበር።

ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመርበት፤ አንዱ ለእግረኛ፣ አንዱ ለብስክሌት። ቆጣሪውም በገበያ ቀን፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሚዛንና አማን መሐል ይቀመጥ። እስክሪብቶ በርከት አድርጎ ይያዝ።